ለአንድ ሰው ሰባት ዋስ

በእኛ ቤት ዋስ የሚሆነው ታላቅ ወንድሜ ነበር። አባታችን ማዘጋጃ ቤት ይሠራ በነበረበት ዘመን ሰፈርተኛው ጣቢያ የገባ ሰው ባለው ቁጥር በራችንን ያንኳኳል። አባቴም የደሞዝ ማስረጃውን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ይከትና ይወጣል፤ ሰውየውን ይዞ ይመለሳል። ወንድሜ ይህን ነገር እንደ ርስት ወረሰው። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ከመጣ በኋላ ለስንቱ አፓርታማ፣ ለስንቱ መኪና እንደፈረመ ቆጥሬ አልጨርሰውም። እኔንም ስፖንሰር ሆኖ ያመጣኝ እሱ ነው። ለእሱ ግን ማንም ፈርሞለት አያውቅም፤ ይህንንም ደጋግሞ ያስታውሰናል።

አንድ ዓርብ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። መጀመሪያ ጥሪው ከእስር ቤት መሆኑን የሚናገር የማሽን ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ ወንድሜ።

"ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ ይዘውኛል። ዋራንት፣ የመያዣ ትእዛዝ፣ አለብህ ነው የሚሉት። ለማንም እንዳትናገሪ!"

ነገሩ እንዲህ ነው። በበረዶው ወቅት መኪናው ተንሸራቶ የሰው አጥር ሰብሮ ነበር። ፖሊስ ቲኬት ሰጠው፤ ፍርድ ቤት እንዲቀርብም ተነገረው። በመሃል ከሜፕልዉድ ወደ ሮዝቪል ቤት ቀየረ። አዲሱን አድራሻ ለማን ነገረ? ለዕድራችን ጸሐፊ። ለዕድሩ ከነገረ ዓለም ያወቀለት መስሎት ነው። የፍርድ ቤቱ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ለአሮጌው ቤት ደረሰ፤ እሱም ሁለት ጊዜ ሳይቀርብ ቀረ፤ ዳኛዋም እንዲያዝ አዘዘች።

የከፋው ደግሞ ሰኞ አዲስ ሥራ ሊጀምር መሆኑ ነው። ሃያ ዓመት ፓርኪንግ ሲሠራ ኖሮ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ከልጆች ጋር ተቀምጦ ተምሮ የቦይለር፣ የሕንፃ ማሞቂያ ማሽን፣ ላይሰንስ አውጥቷል። አንድ ትምህርት ቤት የማሞቂያ ክፍሉን ቁልፍ ሰኞ ጠዋት ሊያስረክበው ቀጥሮታል። ታስሮ ዳኛ ከጠበቀ ሰኞ ታልፈዋለች፤ ሰኞ ካለፈችው ቁልፉ ለሌላ ሰው ይሰጣል። የትምህርቱን መጽሐፍ በመነጽር ላይ መነጽር ደርቦ ሲያነብ አይቼዋለሁ።

ስልኩን እንደዘጋሁ ለዕድሩ ሰብሳቢ ደወልኩ።

ሰዓት ሳይሞላ ሰባት የዕድሩ ሰው የእስር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰበ። ወንዶቹ ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ፣ ሴቶቹ ነጠላ፤ አንዱ የቤቱን ውል፣ ሌላዋ የደሞዝ ወረቀቷን፣ ሁሉም መታወቂያውን ይዟል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እኛ ግን ለማስፈታት ነበር ያበርነው።

መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ ቀና ብላ አየችን። "የሚከፍለው ማናችሁ ነው?"

"ከፋይ አይደለንም፣ ዋስ ነን" አልኳት። ሰብሳቢያችን የቤታቸውን ውል በመስኮቱ ሥር አሳለፉላት። መለሰችላቸው።

"ወይ ሙሉውን ቤይል፣ የዋስትናውን ገንዘብ፣ በካሽ፣ ወይ ቦንድ ይዛችሁ ኑ። የቤት ወረቀት አልቀበልም።"

ሙሉውን ከከፈልን፣ ወንድሜ ቀጠሮውን እስካከበረ ድረስ ገንዘቡ ተመላሽ ነው። ነገር ግን በዚያ ሰዓት ያን ያህል ከማናችንም እጅ አልነበረም። የዕድሩ ሣጥን ደግሞ ለቀብር ነው። ሰብሳቢው "በቁሙ ላለ ሰው አይነካም" አሉ፤ እኔም አልተከራከርኩም።

እዚያው ቆመን የቦንድ ኤጀንት፣ በክፍያ ለታሳሪ ዋስ የሚሆን ሰው፣ ፍለጋ ስልካችንን አወጣን። መጀመሪያ ያገኘሁት ሰውዬ የታሰረውን ስም ሳይጠይቀኝ የባንክ ካርዴን ቁጥር ጠየቀኝ፤ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ከሰባቱ አንዱ፣ ታክሲ የሚነዳው፣ "እስቲ ተረጋጊ። መጀመሪያ የስቴቱ ላይሰንስ እንዳለው ቼክ አድርጊ፤ ከዚያ እዚሁ ቅርብ ያለ ምረጪ" አለኝ። እንዳለኝ አደረግሁ። ሁለተኛዋ ሴት ነበረች። የታሰረውን ስም፣ የትውልድ ቀኑንና የትኛው ካውንቲ፣ የትኛው ወረዳ፣ እንደያዘው ጠየቀችኝ፤ ትንሽ ቆይታም "አየሁት። ቤይሉ ዋራንቱ ላይ ተጽፏል፤ ዳኛ መጠበቅ የለባችሁም" አለችኝ። እግዚአብሔር ይስጣት።

ቢሮዋ ሁለት ብሎክ አልፎ ከአንድ ፀጉር ቤት በላይ ነው። ስምንት ሆነን ስንገባ ወንበሩ አልበቃንም። ሴትየዋ ሳትቸኩል አስረዳችን፤ እኔም ለትልልቆቹ እያስተረጎምኩ አዳመጥኩ። የእሷ ክፍያ የቤይሉ አንድ አሥረኛ ነው፤ ወንድሜ ነጻ ቢወጣም ባይወጣም አይመለስም። ለሙሉው ገንዘብ እሷ ለፍርድ ቤቱ ዋስ ትቆማለች። ወንድሜ ቀጠሮው ላይ ካልተገኘ ፍርድ ቤቱ ሙሉውን ከእሷ ይጠይቃል፤ እሷ ደግሞ ከፈራሚው።

"ስለዚህ ቋሚ ሥራ ያለው አንድ ፈራሚ እፈልጋለሁ። ማን ነው?" አለች።

ሰባት እጅ ወጣ።

መነጽሯን አወለቀች። "እኔ አንድ ፈራሚ ለማግኘት ሰው ስለምን የምውል ሰው ነኝ። ሰባት ፈራሚ በአንዴ አይቼ አላውቅም" አለች። ኮራሁ። ለምን እዋሻለሁ? ጀርባዬ ቀጥ አለ፤ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ከእኛ የሚበልጥ ሀብታም በከተማው የለም ብዬ አመንኩ።

ሰብሳቢው እስክሪብቶውን ሊያነሱ ሲሉ ቀደምኳቸው። "አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይሄ የእኔ ነው።"

ሴትየዋ ሥራዬን ጠየቀችኝ። አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ አልኳት። "ቢጠፋ የት ታገኚዋለሽ?" ስትለኝ ወደ ኋላዬ ጠቆምኩ። "ከእነዚህ ከሰባቱ አንዱ ቤት ምሳ ሲበላ።" ፈገግ አለች፤ ተጋግዘን ያዋጣነውን ክፍያዋን ተቀብላ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው። ከታሳሪው ጋር ያለኝን ዝምድና በሚጠይቀው መስመር ላይ "እህት" ብዬ ጻፍኩ። እኔን ያመጣኝ ወረቀት ላይ እሱ በተመሳሳይ መስመር "ወንድም" ብሎ ጽፎ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የእስር ቤቱ በር ተከፈተና ወንድሜ ቀበቶውን በላስቲክ ከረጢት ይዞ ወጣ። ስምንታችንን ሲያይ ባለበት ቆመ።

"ለማንም አትናገሪ አላልኩሽም?"

"ለማንም አልተናገርኩም፣ ጋሼ። ለሰባት ሰው ብቻ ነው።"

ሌሎቹ ሳቁ፤ እሱ አልሳቀም። አንድ በአንድ እየዞረ እጃቸውን ጨብጦ አመሰገነ። ከዚያ "ማን ፈረመ?" አለ። "እኔ" አልኩት። ሮዝቪል በመኪናዬ አደረስኩት። ሊወርድ ሲል "ቀጠሮው መቼ ነው?" አለኝ።

ሰኞ የማሞቂያውን ቁልፍ ተረከበ። የቀጠሮው ዕለት ጠዋት የኤጀንቷ ቢሮ እንዳይረሳ ሊያስታውሰኝ ደወለ፤ ወንድሜ ግን ሙሉ ልብሱን ለብሶ ሳሎኔ ከተቀመጠ ቆይቷል። ዳኛዋ ቅጣት ጣለችበት፤ የአጥሩንም እንዲከፍል አዘዘች፤ ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ቦንዱ መሰረዙን የሚገልጸው ደብዳቤ ሲመጣልኝ "ስጪኝ" ብሎ ወሰደው። ተናዶ ሊቀደው ነው ብዬ ገመትኩ። ስለ ፊርማዬ ግን አንድም ቀን አላነሳም፤ ኩራቱን የነካሁበት እየመሰለኝ ስጨነቅ ከረምኩ።

ባለፈው ሳምንት የማላውቀው ልጅ እግር ሰው ደወለልኝ። አዲስ መጤ ነው፤ ብሉሚንግተን ከተማ አንድ ሆቴል ይሠራል፤ አፓርታማ ለመከራየት ፈራሚ ይፈልጋል።

"ወንድምዎን ጠይቄአቸው ነበር" አለኝ። "ስምዎ ያለበት አንድ የቦንድ ደብዳቤ ከመሳቢያ አውጥተው አሳዩኝና 'የቤታችን ዋስ እህቴ ናት፤ ለእሷ ደውል' አሉኝ።"

ወረቀትና እስክሪብቶ አነሳሁ። ከዚያ እንደ አባቴ ለመኮሳተር እየሞከርኩ ጠየቅኩት፤ "ቤት ስትቀይር አድራሻህን ለማን ነው የምትናገረው?"