አባቴ የተገደለበት ግድግዳ

ጦርነቱ ሮቢት ሲደርስ አባቴን እዚያው ቤታችን ውስጥ፣ ከሳሎኑ ግድግዳ አስደግፈው ገደሉት። እናቴ ደሙን አጥባ ግድግዳውን ቀለም ብታስቀባውም፣ ጥይት የበሳው ቦታ ከዓይኗ አልጠፋም። ሰላም ሲሆን "ይፍረስና ሳሎኑን እናስፋው" አለችኝ። የጠራችው ግንበኛ በአንድ ቀን እጥለዋለሁ አለ። እኔ ግን ጣሪያውን የተሸከመው ያ ግድግዳ ስለመሰለኝ ፈራሁ።

"እማ፣ መጀመሪያ ከቆቦ አርክቴክት እንጥራና ይየው" አልኳት።

"ባሌን ሲገድሉት ማን መሐንዲስ ጠራ?" ብላ ጮኸች።

ግንበኛው ትቶት የሄደውን ትልቅ መዶሻ አንስታ ግድግዳውን ትደበድበው ጀመር። በየምቱ ገዳዮቹን ትራገማለች። ልቀማት ስጠጋ መዶሻው ክንዴ ላይ አረፈ፤ አጥንቴ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። እሷ አላየችኝም። ጣሪያው ተንቋቅቶ አንድ ብሎኬት ከእግሯ ሥር ሲፈረካከስ ነው የደነገጠችው። በደህናው እጄ ጎትቼ ወደ ግቢ አወጣኋት።

"ያ አላህ! ልጄን ሰበርኳት!" እያለች ደረቷን ደቃች።

አርክቴክቱ ሲመጣ ክንዴ በጄሶ ታስሮ ነበር። ለክቶ ሲጨርስ ግድግዳው ለምን እንዲፈርስ እንደፈለገች ጠየቃት። እናቴ የአባቴን አሟሟት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረችው። ለእኔ እንኳ እንደዚያ ነግራኝ አታውቅም።

"ይፈርሳል፣ እናቴ" አላት ቀስ ብሎ። "ግን መጀመሪያ ጣሪያውን በምሰሶ እናስይዘው።"

እሷም እሺ አለች። ሲፈርስም የመጨረሻው ብሎኬት ጋሪ ላይ እስኪጫን ድረስ ቆማ አየች።