ስልሳ አራተኛው ሸክላ

ባለቤቴ አኒስ ጃዝ አይወድም። ይህን ስናገር ጎንደር ፒያሳ ላይ የሚሰማኝ ሁሉ ይስቃል። ሰዓትና ሬዲዮ በሚጠግንባት ጠባብ ሱቅ በር ላይ የሚያልፍ ሁሉ «አኒስ ጃዙ» እያለ ነው የሚጠራው። አዲስ ዓለም ባለው ቤታችን ደግሞ ስልሳ ምናምን ሸክላ ተደርድሯል። ሁሉም ድሮ ሙዚቀኞች ድንገት ተገናኝተው፣ በየተራ እየተቀባበሉ መድረክ ላይ ሲጫወቱ የተቀዱ ናቸው፤ ጃም ሴሽን ይሉታል። ፈረንጆቹ ከየጓዳው እየፈለጉ እንደገና ያሳትሟቸዋል፤ አዲስ አበባ ያለው ወንድሙ ጃቢር ደግሞ እየገዛ በአውቶቡስ ይልክለታል። እኔ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ አንዱን እንኳ እስከ መጨረሻው ሲሰማ አይቼው አላውቅም ነበር።

እንዴት እንደሚሰማ ልንገራችሁ። ቆሞ ነው የሚሰማው። እጁን መርፌው ላይ አንዣቦ ትንሽ ይሰማል፤ ፊቱ ይጠቁራል፤ መርፌውን አንስቶ መሀል ላይ ያሳርፋል፤ አሁንም ይጠቁራል። ከዚያ «አይደለም» ይልና ሸክላውን ከሌሎቹ ጋር ይደረድረዋል። ለአንድ «አይደለም» ይህ ሁሉ ጣጣ ምን ይባላል? ስንቴ ተናገርኩ! ሰሚ የለም እንጂ።

ነገሩ አደራ ነው። በ1979 አያ ስማቸው የሚባሉ ሳክስፎን ተጫዋች አንዲት ካሴት አኒስ እጅ አስቀመጡ። አኒስ ያኔ ካሴት እየቀዳ የሚሸጥ ጎረምሳ ነበር። ካሴቷ ላይ ያለው እዚሁ ጎንደር፣ አንድ እሁድ ከሰዓት፣ አዳራሽ ውስጥ የተደረገ ጨዋታ ነው። አያ ስማቸውና ትራምፔት የሚነፋው ታናሽ ወንድማቸው ፊልጶስ አብረው ነበሩበት። ከዚያ እሁድ ወር ሳይሞላ ፊልጶስ የተሳፈረባት መኪና እንፍራንዝ መንገድ ላይ ተገለበጠችና ሞተ። አያ ስማቸው ካሴቷን ቤታቸው ማኖር አልቻሉም፤ መጣልም አልቻሉም። ልቤ ሲጠና እጠይቅሃለሁ፣ እስከዚያው አደራ ብለውት ሄዱ።

ሦስት ዓመት ካሴቷ መሳቢያ ውስጥ ቆየች። ከዚያ አማቴ ራቢዓ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ለመውሊድ ቤታቸው የሚባለውን መንዙማ ቅዳልኝ አሉት። በዚያ ዘመን ባዶ ካሴት በስንት ልመና ነው የሚገኘው። ከካሴት ጀርባ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ከሰበሯት ሌላ ነገር አይቀዳባትም፤ የኛ ሰው ግን ምን ገዶት፣ ቀዳዳዋን በወረቀት ይጠቀጥቅና ይቀዳባታል። አኒስም እየተጣደፈ አንዲት አሮጌ ካሴት አነሳ፣ ወረቀቱን ጠቀጠቀ፣ ቀዳ። ያቺው ነበረች። ያወቀው መንዙማው አልቆ ትራምፔት ሲሰማ ነው።

አማቴ እስኪሞቱ ድረስ ያቺን መንዙማ ሳይሰሙ አይተኙም ነበር። ሲያልቅ ከድሮው ጨዋታ የተረፈች ሁለት ደቂቃ የምትሆን ነገር ትመጣለች። አንድ ሰው አጭር ነገር ይናገራል፤ ትራምፔት ይነፋል፤ ከዚያ ከበሮና ቤዝ ጊታር ብቻቸውን ይሄዳሉ፤ በላያቸው ማንም የለም። አኒስ እዚያ ጋ ሲደርስ ይህንንም አንዱን ድምፅ አጥፍቼ ያበላሸሁት እኔ ነኝ እያለ ራሱን ይረግማል። እኔ ደግሞ ተጫዋቹን እንቅልፍ ወስዶት ነው እያልኩ አሾፍበት ነበር። አፌን በቆረጠው።

አያ ስማቸው መንገድ ላይ ባገኙት ቁጥር «ያቺ ነገር እንዴት ናት?» ይሉታል። እሱም ዓይኑን በጨው ታጥቦ «አለች፣ አያ» ይላል። ሸክላ መሰብሰብ የጀመረው በዚህ ውሸት ነው። ያንን እሁድ የቀዳው ሰውዬ ሌላ ቅጂ ይዞ ውጭ አገር ሄዷል ሲባል ሰማ፤ ስለዚህ አንድ ቀን ከፈረንጆቹ ሸክላ በአንዱ ላይ ትወጣለች ብሎ ተስፋ አደረገ። ንገራቸውና ተገላገል ስለው፣ ካገኘሁ በኋላ ይለኛል። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባላል፤ የኔ ባል ሸክላ ደርድሮ ሰማዩ ላይ ሊደርስ ነበር።

ዘንድሮ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ አያ ስማቸው ሱቅ ድረስ መጡ። ሰማንያ አልፏቸዋል። ጥርሳቸው አልቆ ሳክስፎኑን ከተዉ ቆይተዋል፤ አሁን ደግሞ ጆሯቸው እየከዳቸው ነው።

«ልቤስ አልጠናም» አሉት። «ጆሮዬ ሳይሄድ ልስማት ብዬ ነው። እሁድ አምጣልኝ።»

ያን ሳምንት አኒስ እህል ሳይቀምስ ሰነበተ። ሐሙስ ዕለት ስልሳ ሦስተኛው ሸክላ ገባ። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሮጦ መርፌውን አሳረፈ። «አይደለም» አለ፤ ግን አልደረደረውም፣ ታቅፎት መሬት ላይ ቁጭ አለ። ስነዘንዘው የኖርኩት ሴትዮ አንጀቴ ተንሰፈሰፈ። ያለችንን ካሴት ይዘን እንሂድ፣ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ አልኩት።

እሁድ ስንደርስ አያ ስማቸው ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ይጠብቁናል። አኒስ ቴፑን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ሳይቀመጥ ተናገረ።

«አያ፣ አደራዎን በልቻለሁ። በላይዋ የእናቴን መንዙማ ቀድቼባታለሁ። ይኸው ስንት ዘመን ስዋሽዎ ኖርኩ።»

አያ ስማቸው «ሁሉም ጠፋ?» አሉ። ከመጨረሻዋ ሁለት ደቂቃ በቀር ሁሉም ጠፍቷል አላቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ እሳቸው ትልቅ ትንፋሽ አወጡ። ያኔ ነው ያጫወቱን፤ ያን እሁድ በጨዋታው መሀል ፊልጶስን ተራዬን ቀማኸኝ ብለው፣ አንተ መቼም ሰው አትሆንም ብለው በሰው ሁሉ ፊት ሰድበውት፣ ሳክስፎናቸውን ይዘው አዳራሹን ጥለው ወጥተዋል። አኩርፈውት ሳሉ ሞተ። ካሴቷን አንድም ቀን ከፍተው አያውቁም። ይፈሩ የነበረው የገዛ ድምፃቸውን፣ ያንን ስድብ ነበር።

«የተረፈችውን አሰማኝ» አሉት።

አኒስ መንዙማውን ሊያሳልፈው ሲል ተወው አሉ። እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው የአማቴን መንዙማ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ያቺ እኔ ሺህ ጊዜ የሰማኋት፣ ማን ለማን እንዳለው ግን ጠይቄ የማላውቀው ቃል መጣች።

«ወንድሜ ነው፣ ይመለሳል። ተራውን ክፍት ተዉለት።»

ፊልጶስ ነበር። ትራምፔቱን ነፋ፤ ሲጨርስ ከበሮውና ቤዙ ብቻቸውን ቀጠሉ። አኒስ እንደልማዱ አንገቱን ደፍቶ እዚህ ጋ ያበላሸሁት ነው ሲል አያ ስማቸው ክንዱን ያዙት።

«አላበላሸኸውም። ይሄ የኔ ቦታ ነው።»

መልሰህ አሰማኝ አሉት። ትራምፔቱ ዝም ሲል፣ እኒያ ሽማግሌ ጥርስ በሌለው አፋቸው የሳክስፎኑን ተራ ማንጎራጎር ጀመሩ። ዓይናቸው እያነባ፣ እግራቸው ወለሉን እየመታ፣ ካሴቷ እስክታልቅ አልተዉትም። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

ስንወጣ አኒስን አቅፈው፣ አደራዬንስ በልተሃል፣ የኔን ድርሻ ግን አስተርፈህልኛል አሉት። አኒስ መንገዱን ሙሉ ባጃጅ አልይዝም ብሎ በእግሩ አስኬደኝ። እቤት ገብቶ ሽሮ ሁለት ጊዜ አስጨመረኝና በጠራራ ፀሐይ ተኛ። እንዲያ ሲያንኮራፋ ሰምቼው አላውቅም፤ አልሐምዱሊላህ አልኩ።

ባለፈው ሳምንት ስልሳ አራተኛው ሸክላ መጣ፤ ቀድሞ የታዘዘ ነበር። አኒስ መርፌውን አሳረፈና እጁን ሰበሰበ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አንዱ ገጽ አለቀ፤ ገለበጠው። ሌላውም አለቀ።

«ነው እንዴ?» አልኩት።

«አይደለም» አለኝ። «ግን ሪሃና፣ ጃዝ ለካ ደስ ይላል።»