በብልቃጥ የተሸጠው ግማሽ ትምህርት

ሰሎሜ ሀብተጊዮርጊስ ጮኻ አታውቅም። አባቷ አቶ ሀብተጊዮርጊስ በመንግሥት ሥራ ተመድበው ከሸዋ ጅማ የመጡ፣ ዕድሜያቸውን በመንገድ ሥራ የጨረሱ፣ ሲቆጡ ዝም የሚሉ ሰው ናቸው። አወቱ መንደራ በሚባለው የጅማ ሰፈር ያሳደጓት ልጃቸውም እሳቸውኑ ወጣች። ከተማው ውስጥ ባለ የጤና ኮሌጅ ባዮኬሚስትሪ ስታስተምር ተማሪ ቢረብሻት እንኳ ቀና ብላ ማየት ይበቃት ነበር።

ከምታስተምረው ሁሉ የምትወደው ኮኪውቴን ስለሚባለው ነገር ማስረዳት ነው። «ሕዋሳችን ውስጥ ምግብን ወደ ጉልበት የሚለውጡ ጥቃቅን ምድጃዎች አሉ» ትላለች። «እሳቱ እንዳይጠፋ ኤሌክትሮን ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው የሚያቀብለው እሱ ነው። በዚያ ላይ ሕዋስን እንደ ዝገት የሚበላውን ይመክታል። ልብ ዕረፍት ስለማያውቅ አብዝቶ ይፈልገዋል። ሰውነታችን ራሱ ይሠራዋል፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን እየቀነሰ ይሄዳል።»

አባቷ የልብ ምታቸው ይዛባል። ደማቸው እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚባል ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ፤ መጠኑም በየጊዜው በደም ምርመራ ይስተካከላል። ባለፈው ክረምት ፊታቸው ወዛ፣ አረማመዳቸው ፈጠነ። ሰሎሜ ተመስገን አለች። አንድ ጠዋት ግን የያዙት ብርጭቆ ከእጃቸው ወደቀ፤ አፋቸው ወደ አንድ በኩል ተጣመመ።

ሐኪሟ መርምራቸው ስትወጣ፣ «የረጋ ደም ወደ አንጎላቸው ሄዷል። ደም ማቅጠኛው በሚገባው ልክ አልሠራም። ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ምንም የለም» አለች ሰሎሜ በሙሉ ልብ።

ቤት ሄዳ የሚለብሱትን ልታወጣ ቁም ሳጥኑን ስትከፍት ከጋቢያቸው ሥር ወርቃማ ክዳን ያለው ብልቃጥ አገኘች። የኮኪውቴን እንክብል ነው። የንጥረ ነገሩ ቅርጽ ደም እንዲረጋ ከሚያግዘው ቫይታሚን ኬ ጋር ስለሚቀራረብ የዋርፋሪንን ኃይል ሊያዳክም እንደሚችል ታውቃለች፤ ይህንንም ታስተምራለች።

ብልቃጡን ስታሳያት ሐኪሟ ጽሑፉን አነበበች። «ከዚህ ነው ብዬ አልምልም። የደም ምርመራውንም ትተውታል። ብናውቅ ኖሮ ግን በቅርብ እንከታተላቸው ነበር።»

«አልምልም» የሚለው ቃል ሰሎሜን አንገበገባት። አባቷ እንዲህ ሆነው ጥፋተኛ የሚባል ሰው የለም ማለት ነው።

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ምላሳቸው ሲላቀቅ ብልቃጡን ማን እንደሰጣቸው ጠየቀቻቸው። «ዳግማዊ» አሉ እየተኮላተፉ። «ያንቺ ተማሪ... ጨዋ ልጅ።»

ዳግማዊ ፊት ወንበር እየተቀመጠ፣ የምትናገረውን ሁሉ አፏን እያየ የሚከታተል ተማሪ ነበር። ተመርቆ ሥራ ሲያጣ እንዲህ ዓይነት እንክብል ከሚሸጡ ሰዎች ጋር ተጠግቶ ቅዳሜ ቅዳሜ መንደራ ቆጪ ሰፈር አንድ አዳራሽ ውስጥ ጡረተኞችን ይሰበስባል። ሰሎሜ ባጃጅ ይዛ ሄደች።

በሩ ላይ ስትደርስ የሰማችው የራሷን ቃል ነው። «ሕዋሳችን ውስጥ ጥቃቅን ምድጃዎች አሉ» ይላል ዳግማዊ፣ ከረባቱን አሳምሮ። ዝገቱም አለ፤ ዕረፍት የማያውቀው ልብም አለ። አንዲት ቃል አላዛነፈም። ቀጥሎ ግን፣ «የተፈጥሮ ስለሆነ ከየትኛውም መድኃኒት ጋር አይጣላም። በርቱበት፤ የሆስፒታል ምልልሱ ራሱ ይቀራል» አለ።

«ዳግማዊ!»

ዞር ብሎ ሲያያት ፊቱ በራ። «ቲቸር! እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው!»

አዳራሹ አጨበጨበላት። ሰሎሜ ደሟ ፈላ።

«አታጨብጭቡ!» ብላ ጮኸች። «ከዋርፋሪን ጋር ሲወሰድ ምን ያደርጋል? ንገራቸው!»

ዳግማዊ ከረባቱን ነካካ። «ቲቸር፣ እሱ ላይ እኮ ጥናቶቹ ይለያያሉ...»

«ታውቃለህ!» አለች። ባያውቅ ኖሮ ታዝንለት ነበር። «እያወቅህ ነው! አባቴን ምን እንደሚወስዱ ጠይቀሃቸዋል?»

«በጣም ተሽሏቸው ነበር እኮ...»

«ዛሬ ማንኪያ አይጨብጡም!»

አንድ ሽማግሌ ከኋላ፣ «ምቀኛ አታሳጣ» ሲሉ አንዳንዱ ሳቀ። የአዳራሹ አስተናባሪ ክንዷን ሊይዝ ሲሞክር መነጨቀችው። ያን ጊዜ ከድጃ የሚባሉ አሮጊት ከወንበራቸው ተነሡ።

«ማሎ ልጄ፣ በአላህ ይዤሻለሁ» አሉ። «ባለቤቴ ይኸንኑ ይውጣል፤ የልብ መድኃኒትም አለው። ልጣለው?»

ሰሎሜ ወደ እሳቸው ዞራ መለሰች። «ዋናውን መድኃኒት እንዳያቋርጡ። ይኼንንም ቢሆን በራስዎ አይጀምሩ፣ በራስዎ አያቁሙ፤ ሁለቱንም ይዘው ሐኪሙ ዘንድ ይሂዱ። ከመድኃኒታቸው ጋር ተጨምሮ የረዳቸው የልብ ሕመምተኞች እንዳሉ የሚናገር ጥናት አለ። ግን የሚወስኑት ሐኪሞች ናቸው። ይኼ ልጅ አይደለም!»

ከድጃ ብልቃጣቸውን ይዘው ወጡ። ሁለት ሦስት ሰዎች ተከተሏቸው። የቀረው ሰው እዚያው ተቀመጠ።

ማታ አልጋቸው አጠገብ ሆና ያደረገችውን ስትነግራቸው አባቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

«ልጁን በሰው ፊት አዋረድሽው?»

«አባባ፣ ሊገድልዎት ነበር እኮ!»

«እሱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ምን እንደምውጥ፣ ለምን እንደምውጥ አስረዳኝ። አንቺ ስንቱን እያስተማርሽ ለእኔ ‹ይዋጡት› ብቻ ነው ያልሽኝ።»

ሰሎሜ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ስለ ደማቸው፣ ስለ ዋርፋሪኑ፣ ምርመራው ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ጥርሷን ነክሳ አስረዳቻቸው። አባቷ ጠየቁ፤ መለሰች። ደግመው ጠየቁ።

ቁጣዋ ግን አልበረደም። ዳግማዊ ደጋግሞ ቢደውልም አላነሳችም። ሰንብቶ ሰኮሩ ከተማ ሌላ አዳራሽ መከራየቱን ሰማች። ቅዳሜ ሲነጋ መናኸሪያ ሄዳ ወደ ሰኮሩ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች።