ያልበላነው ወጥ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባሌ በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ለመጋባት ለተዘጋጁ ወጣቶች ሲያስተምር እኔ ከፊት ወንበር እቀመጥ ነበር። የምቀመጠው ለምሳሌነት ነው። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ እጆቼን ከነጠላው ሥር ሸሽጌ። ከቤት ከመውጣቴ በፊት በዱቄት ሳሙና ፈትጌያቸዋለሁ፣ በሎሚ አሽቻቸዋለሁ፣ እንደገና ታጥቤያቸዋለሁ። ሸዋ ሮቢት ግን ቆላ ናት፤ አዳራሹ ሞቆ ላቡ ሲመጣ ሽታውም አብሮ ይመጣል። ያደረ ሥጋ ሽታ።

ባሌ ድምፁ ያምራል። ሚስት ለባሏ ትገዛ ማለት ባርነት እንዳልሆነ፣ ባልም ሚስቱን እንደ ገዛ ሥጋው መውደድ እንዳለበት ሲያስረዳ ልጃገረዶቹ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። እኔ «ሥጋ» የሚለውን ቃል ከእሱ አፍ ስሰማ እጆቼን ከነጠላው ሥር ይበልጥ እሸሽጋለሁ። ቀጥሎ ስለ ሥራ ያስተምራል። ሰው እጁ ላይ ያለውን ሥራ አለቃ ቢያየውም ባያየውም ለእግዚአብሔር እንደሚሠራ ቆጥሮ ይሥራ ይላል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ስለ እኛ ቤት እሷን ጠይቋት» ብሎ ፈገግ ይላል። እኔም ፈገግ እላለሁ። ያንን ፈገግታዬን ዛሬ ሳስበው ያቅለሸልሸኛል።

ሳገባው እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። ከቀወት ገጠር የመጣ የገበሬ ልጅ ነው፤ የተጋባነው በቁርባን ነው፤ ልጅ አልወለድንም። ዋናው መንገድ ዳር አራት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት ስንከፍት እኔ ወጥ ሠራሁ፣ እሱ አስተናገደ። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቀን እንሽላሊት ከጣሪያ ላይ ወጥ ድስት ውስጥ ወደቀች። እኔ በጭልፋ አውጥቼ ሥራዬን ልቀጥል ነበር። እሱ ግን ድስቱን በጨርቅ ይዞ አወረደና ከጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ገለበጠው። «ሰው እኛን አምኖ ነው የሚገባው» አለኝ። ያን ቀን ምሳ ሳንሸጥ ዋልን። እኔ ደግሞ ደስ ብሎኝ ዋልኩ፤ ደህና ሰው አገባሁ ብዬ።

በኋላ መንገዱ የተዘጋበት ሰሞን መጣ። የሸዋ ሮቢት ምግብ ቤት የሚኖረው ወደ ደሴ በሚወጣውና ከደሴ በሚወርደው መኪና ነው። መኪና ሲቆም እኛም ቆምን። ለበዓል ብለን ግማሽ በሬ ገዝተን ፍሪጁን ሞልተነው ነበር፤ በዚያው ቀን መብራት ጠፋ። በአራተኛው ቀን የፍሪጁን በር ስከፍተው ሽታው ሰነፈጠኝ። ሥጋው ጠርዙ ወደ አረንጓዴነት አድልቷል፤ ስነካው ያሟልጫል፤ ከሥሩ የሚዝለገለግ ውሃ አቁሯል።

«ይጣል» አልኩት።

እሱ ጎንበስ ብሎ አየው። አፍንጫውን አልያዘም። «መንገዱ ነገ ይከፈታል ተብሏል። በአቼቶ እጠቢው፣ በርበሬ አብዝተሽ ቀይ ወጥ ሥሪው። ለነገ ብቻ ነው» አለኝ።

መንገዱ ተከፈተ። ቅርባችን ባለችው ጀውሃ ላይ ቆመው የከረሙ ሾፌሮች ተርበው መጡ። በሉ፤ ጣታቸውን ላሱ፤ አንዱማ ጭማሪ አዘዘ። ታምሞ ተመልሶ የመጣ ሰው አልነበረም። ሾፌር ቢታመም የሚታመመው ኮምቦልቻ ወይም ደብረ ብርሃን ደርሶ ነው፤ ተመልሶ ማን ይነግረናል? ለአንድ ቀን የተባለው በዚያው ልማድ ሆነ። ያደረ ሥጋ፣ የሰነበተ ሥጋ፣ ሥጋ ቤቶች በርካሽ የሚለቁት ሥጋ ሁሉ በእኔ እጅ አልፎ ወጥ ይሆን ጀመር።

ከዚያ ባልዲው መጣ።

ቢጫ ባልዲ ነው። ባሌ ማድቤት አስገብቶ ከሳህን ማጠቢያው አጠገብ አስቀመጠው። ሰው በልቶ የተወው ሥጋ ከትሪው ላይ እየተለቀመ እዚያ ይገባል። ማታ በፈላ ውሃ ይታጠባል፣ በማግስቱ ከአዲሱ ጋር ተቀላቅሎ ይሠራል። የማጥበው እኔ ነበርኩ። ጥርስ ያረፈበትን ጅማት፣ ታኝኮ የተተፋውን፣ በእንጀራ ፍርፋሪ የተለወሰውን፣ ሁሉንም በእነዚህ እጆቼ አገላብጬዋለሁ። ስቴኪኒ የተሰካበት ቁራጭ አግኝቻለሁ። ፀጉር አግኝቻለሁ። አንድ ጊዜ የሲጋራ ቁራጭ አግኝቼ እሱን ብቻ አውጥቼ ሌላውን አጥቤያለሁ።

እንቢ ያልኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። ባሌ አልጮኸብኝም፤ ጮኾ አያውቅም። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና ቅዳሜ በሚያስተምርበት ድምፅ ተናገረኝ።

«የቤቱ ራስ ማነው?»

«አንተ ነህ።»

«እንግዲያው አንቺ ታዘዢ። ኃጢአት ካለበት በእኔ ነው። አንቺ ነጻ ነሽ።»

አሁን የምናገረው ነገር ከባልዲው ይልቅ ያስጠላኛል። ያን ሲለኝ ቀለለኝ። እውነቱን ነው፣ በእሱ ነው አልኩ። ከዚያ በኋላ ባጠብኩ ቁጥር «በእሱ ነው» እላለሁ፤ ሰው ሲያኝክ ባየሁ ቁጥር «በእሱ ነው» እላለሁ። የእግዚአብሔርን ቃል እንደ ጓንት አጥልቄ ቆሻሻ ውስጥ እጄን ነከርኩበት። ባሌ ቃሉን ለራሱ አጣመመው፤ እኔም ስለተመቸኝ ተቀበልኩት።

ከወጡ ግን አንበላም ነበር። እኔ ዳቦ በሻይ፣ እሱ በትንሽ ድስት ለብቻው የምሠራለትን ሽሮ። ይህን ተነጋግረን አልወሰንነውም። ሁለት ዓመት ያህል ሁለታችንም ከገዛ ድስታችን አንድ ጉርሻ ሳንቀምስ፣ ስለዚያም አንዲት ቃል ሳንለዋወጥ ኖርን። መኝታችንም እንደዚያው ሆነ። እጁ ትከሻዬን ሲነካኝ ሰውነቴ ይኮማተራል፤ እሱም የእኔ ጣቶች ፊቱ አጠገብ ሲደርሱ ዞር ይላል። በማግስቱ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ስለ ፍቅር ያስተምራል፤ ልጆቹ ይጽፋሉ።

ከምግብ ቤታችን ፊት ለፊት ቲማቲምና ሎሚ የምትሸጥ ሙስሊም ሴትዮ አለች። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። አንድ ቀን ጠዋት እንደ ልማዴ ሎሚ ልገዛ ስሄድ እጄን ይዛ ገለበጠችው።

«ሎሚው ለሰላጣ ነው ብዬ ስሸጥልሽ ከረምኩ። እጅሽ ተላጦ የለም እንዴ!»

«ሥራ ነው እትዬ።»

«ወላሂ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቀየሚኝ። እኛ ከእናንተ ቤት ሥጋ የማንበላው በሃይማኖት ነው። አንቺ ከገዛ ቤትሽ የማትበዪው ለምንድን ነው? እዚህ ተቀምጬ በየቀኑ ነው የማይሽ። ዳቦ ይዘሽ በር ላይ ትቆሚያለሽ።»

ሎሚውን ጥዬ ሄድኩ። ፊቴ እሳት ሆኖ ነበር። ስንት ክርስቲያን ሲገባ ሲወጣ አንድም ያላየውን፣ ድስታችን ፈጽሞ የማይመለከታት ሴት አየችው።

በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ጥላ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ፍሪጁን፣ አቼቶውን፣ ባልዲውን። በመጨረሻም «ባሌ አዞኝ ነው አባ» አልኩ።

በጣም ቀስ ብለው፣ «ቅዳሜ ከትምህርቱ በኋላ ለጉባኤው የምታመጡት ወጥስ?» አሉኝ።

«እሱም ነው አባ።»

«እኔም በልቻለሁ ማለት ነው?»

«በልተዋል አባ።»

የጋቢያቸውን ጫፍ አነሡና ከንፈራቸውን ጠረጉ። ደጋግመው ጠረጉት። እኔ ወደ መሬት አቀርቅሬ አለቅስ ነበር፤ እሳቸው ግን አላባበሉኝም።

«ባልሽ ራስ ነው ማለት አንቺ ራስ የለሽም ማለት ነው? መታዘዝ መልካም ነው፤ ግን የታዘዝሽው ለባልሽ አይደለም፣ ለሆዳችሁ ነው። ለራስሽ እንዲደረግልሽ የምትፈልጊውን ለሌላው አድርጊ ተብለሻል። ስግደት ብሰጥሽ ደስ ይልሻል፤ ሰግደሽ ወደ ባልዲሽ ትመለሻለሽ። አልሰጥሽም። ከነገ ጀምሮ ለሰው የምታቀርቢውን አንቺ ቀድመሽ ትበያለሽ። ባልሽም እንዲበላ ታቀርቢለታለሽ። ይኸው ነው ቀኖናሽ።»

ማግስቱ ሐሙስ ነበር። ወጡን እንደ ሌላው ቀን ሠራሁት፤ ባልዲው ውስጥ ያለውም ገባበት። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ቤቱ በሾፌሮች ሞላ። የቀጠርናት አስተናጋጅ ሳላያት ለጥቂቶቹ አቅርባ ኖሮ ሌላ ትሪ ልታነሳ ስትል «ቆይ» አልኳትና ለሁለት ሰው አውጥቼ ባሌ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ አቀረብኩ።

«ምንድን ነው?» አለኝ።

«ምሳ ነው። እንብላ።»

«እኔ በኋላ ሽሮዬን እበላለሁ።»

«ዛሬ ሽሮ አልሠራሁም።»

አየኝ። ገባው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰው እያየን ነው» አለኝ። እኔ ቆርሼ ጎረስኩ። በርበሬው አፍ ያቃጥላል፤ ከበርበሬው በታች ግን ያ ጣዕም አለ፣ እንደ ከረመ የድስት ማጠቢያ ጨርቅ። ጥርሴ ጅማት ላይ አረፈ፤ ሌላ ሰው አኝኮት እንደ ነበር አውቃለሁ። ዋጥኩት። ሁለተኛ ጎረስኩ። በሦስተኛው አልቻልኩም፤ በጓሮ በር ሮጬ ወጥቼ አስመለስኩ፤ አንጀቴ እስኪገለበጥ ድረስ አስመለስኩ።

ተመልሼ ስገባ አንድ ሾፌር፣ «እትዬ፣ አመመሽ እንዴ?» አለኝ።

«ይህን በልቼ ነው» አልኩት።

«ይህን?» የገዛ ትሪውን አየ።

ባሌ ብድግ አለ። «እርጉዝ ናት፤ አትስሟት» አለ። እርጉዝ! አሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስንለምን የኖርን ሰዎች ነን። ያንን ውሸት በሰው ፊት ያለምንም ችግር ከአፉ ሲያወጣው፣ በዚያች ደቂቃ ከወጡ የበለጠ እሱ አስጠላኝ።

«እንግዲያው አንተ ብላ» አልኩት። «አንድ ጉርሻ ብቻ። ከበላህ እኔ ውሸታም ነኝ።»

እንጀራ ቆረሰ። ወጡ ውስጥ ነከረው። እስከ ከንፈሩ አደረሰው። ከዚያ መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠው። ሾፌሮቹ አንድ በአንድ ተነሡ። አንዱ ደጅ ወጥቶ ተፋ፤ አንዱ እናቴን ሰደበ። የሚገባኝ ስድብ ነበር። ባሌ ሳያየኝ ወጥቶ ወደ ቀወት፣ ወደ ወንድሙ ቤት ሄደ።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ መጣ። ከንስሐ አባታችን ጋር ተነጋግሮ ነበር፤ እስከ ፋሲካ ከማስተማር እንዲታቀብ ነግረውት ተቀበለ። ሥጋ ማብሰል አቆምን። ሽሮና ምስር፣ በየቀኑ አዲስ፣ ደንበኛ ከመግባቱ በፊት ሁለታችንም የቀመስነውን። ደንበኛው ግን ሸሽቷል፤ ከጠረጴዛዎቻችን ግማሹ ባዶ ነው የሚውለው። እኔ ይህ ንስሐ ነው፣ ሰውየው ተመለሰ ብዬ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ማስተማሩን ጀመረ። እኔም ሄድኩ፤ ግን ከኋላ ተቀመጥኩ። ስለ ታማኝነት ሲያስተምር እንዲህ አለ፤ «የማውቃቸው ባልና ሚስት አሉ። ሚስትየው ባሏ ሳያውቅ ትራፊ ለሰው ታበላ ነበር። ባልየው በጸሎት ደረሰበት፤ ሳይቆጣ፣ በፍቅር መለሳት።» ልጆቹ ጻፉት። አንዲቷ «ወይኔ፣ እንዴት ያለ ትዕግሥት ነው» አለች።

ሾፌሮቹ በየመንገዱ የሚያወሩትን ታሪክ ገልብጦ ነው የሚናገረው። ከባልዲው ያወጣነውን እንኳ አጥበን ነበር የምናቀርበው፤ ይህንን ውሸት ግን ሳያጥብ ነው ያቀረበው። ተነሣሁ።

«ሚስትየው እኔ ነኝ» አልኩ። «ያጠብኩትም ያበሰልኩትም እኔ ነኝ። ባልዲውን ያመጣው ግን ይህ ሰው ነው። የቤቱ ራስ እኔ ነኝ፣ ታዘዢ አለኝ፤ ታዘዝኩ። ሁለታችንም አውቀን ነው ያደረግነው። የጻፋችሁትን አጥፉት።»

አንዲት ልጅ ደንግጣ ሳቀች። ባሌ ጠረጴዛውን ይዞ ቆመ። በር ላይ የተቀመጡት የንስሐ አባታችን፣ «የዛሬው እዚህ ላይ ይብቃን» አሉና በጸሎት ዘጉት። ከዚያ ወዲህ አስተምሮ አያውቅም።

በባጃጅ ስንመለስ፣ «አዋረድሽኝ» አለኝ። «አዎ» አልኩት። አሁንም አንድ ቤት ነን። ሽንኩርት ይከትፋል፤ ክፉኛ ይከትፋል፣ ግን ይከትፋል። አንዳንድ ቀን አብረን ስንበላ የድሮው ሰው ይመስለኛል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ሲያኝክ ሳየው እጠየፈዋለሁ። ራሴንም በመስታወት ሳይ እንደዚያው። ይህ ስሜት እንዲለቀኝ እጸልያለሁ፤ እስካሁን አልለቀቀኝም።

በሚቀጥለው ሳምንት ያች የሳቀችው ልጅ ወደ ምግብ ቤታችን መጣች። ሠርጓ አንድ ወር ቀርቶታል። ሽሮ አዘዘችና ሳትበላ፣ «እትዬ፣ እጮኛዬም በጣም ጸሎተኛ ነው። እውነተኛ መሆኑን እንዴት ነው የማውቀው?» አለችኝ።

«ምን ይሠራል?» አልኳት።

«ጀውሃ ላይ ብሎኬት ያመርታል።»

«ሳትነግሪው ሂጂና ሲሠራ ተቀምጠሽ እዪው» አልኳት። «አሸዋውን ከሲሚንቶው ጋር በምን ልክ እንደሚቀላቅል እዪ። ከዚያ ደግሞ ሠራተኞቹን እንዴት እንደሚያናግር ስሚ።»

ሽሮዋን በላች። ወጥታ ወደ ጀውሃ የሚሄድ ባጃጅ ስታስቆም በበሩ አየኋት።