የክሬን ሱሪዎች

ያ ክረምት ልብስ አልደርቅ ያለበት ክረምት ነበር። በር በተከፈተ ቁጥር ጉሙ እንደ ቤተኛ ሰተት ብሎ ይገባል፤ አንሶላው ሳይቀር ይረጥባል። ከተማዋ ተራራ ጫፍ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ እንግዳ ሰው ደረጃውን ከወጣ በኋላ ሰላም ለማለት እንኳ ቆም ብሎ ትንፋሹን ይሰበስባል። ልብስ ሰፊዋ የባሏን ሱሪ ምድጃ አጠገብ ይዛ ስታደርቅ እጇ ድንገት ቆመ። ድሮ ጭኑ ላይ ተወጥሮ የሚሳሳው ጨርቅ እንዳዲስ ቁጭ ብሏል፤ የባሏ እግር ቀጥኗል ማለት ነው።

ባሏ ጫኝና አውራጅ ነበር። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ላይኛው ሰፈር ያለው መንገድ ደረጃ ነው፤ ሲሚንቶም ይሁን አልጋ በሰው ጀርባ ነው የሚወጣው። ክሬን ይሉታል። እሷም ብትሆን ካልተቆጣች በቀር በስሙ አትጠራውም።

ሱሪውን እንደያዘች የባሏ አባት ትዝ አሏት። እሳቸውም ጫኝ ነበሩ። አንድ ቀን ቀበቷቸው አዲስ ቀዳዳ ሲፈልግ አዩና "በቃ፣ አልቄያለሁ" ብለው አልጋ ያዙ፤ ከዚያ አልጋ በእግራቸው አልወረዱም። ያስታመመቻቸው እሷ ናት። እግራቸውን ስታጥብ በእጇ የምትጨብጠው አጥንት ብቻ ነበር። ያ እግር በባሏ ሱሪ ውስጥ ሆኖ ቤቷ የተመለሰ መሰላት።

ክሬን ሥራ በዋለበት ስፌቱን ተረተረች፣ ጎንና ጎኑን ገባ አድርጋ መልሳ ሰፋችው። በማግስቱ ለበሰው፤ ልኩ ሆነ፤ ወደ ሥራው ወጣ። እፎይ አለች። በሚቀጥለው ክረምት እንደገና አጠበበች፣ ከዚያም እንደገና። ቀዳዳው እንዳይለወጥበት ቀበቶውን ሳይቀር ከዘለበቱ በኩል እየቆረጠች ታሳጥረው ነበር። ቁርጥራጩን መጣል ግን የሰውዬውን ሥጋ እንደ መጣል ሆነባት፤ ትራሱ ውስጥ ከተተችው።

ጎረቤታቸው ነርስ ናት። አንድ ቀን በር ላይ ቆማ፣ "ጋሼ ክሬን፣ በጣም ከስተዋል" አለችው። "ዕድሜ ጡንቻ ይበላል፤ እንዲህ አየሩ በሳሳበት ከፍታ ደግሞ ሊብስ ይችላል። ሸክሙን ቀነስ ያድርጉ፣ ዕንቁላል ይብሉ፣ ጤና ጣቢያም ብቅ ይበሉ።"

ክሬን ሳቀ። "እኔ? ሱሪዬ ካገባሁ ጀምሮ ልኬ ነው። ይልቅ ሚስቴን ምከሪያት፤ እሷን ነው ንፋስ ሊወስዳት የደረሰ።"

ልብስ ሰፊዋ መርፌዋ ላይ አቀረቀረች። እውነቱ አፏ ድረስ መጥቶላት ነበር፤ ዋጠችው።

ከዚያ የቁም ሳጥኑ ቀን መጣ። የሰው ቁም ሳጥን ተሸክሞ ሲወጣ ደረጃው መሐል ጉልበቱ ከዳው። ቁም ሳጥኑ ከጀርባው አምልጦ ግድግዳ መታና ተሰነጠቀ፤ ደግነቱ ሰው አልነካም። ወጣቶቹ ጫኞች ክሬንን ብድግ አድርገው አቆሙት።

"ጋሼ ክሬን፣ ዘይት ጨረሱ እንዴ?" አለ አንዱ።

ሳቁ። እሱም አብሯቸው ሳቀ። ቤት ሲገባ ግን ፊቱ ሌላ ነበር።

"ሸክሙ ያው የድሮው ሸክም ነው" አላት። "የጠፋሁት እኔ ነኝ።"

የልብስ ሳጥኑን ከፍቶ ያገባበትን ኮት አወጣ። መቼም አይለብሰውም ብላ ያልነካችው ልብስ እሱ ብቻ ነበር። ሲያጠልቀው የኮቱ ትከሻ ክንዱ ላይ ወረደ፤ ጣቶቹ እጅጌው ውስጥ ጠፉ። መስታወቱ ውስጥ የቆመውን ሰውዬ ትክ ብሎ አየው።

"አባቴ ናቸው" አለ ቀስ ብሎ።

"አንተዬ፣ አውልቀው።"

"ሱሪዎቼን እያጠበብሽ ነበር እንዴ?"

"አዎ።"

"የቀነስሽውን የት አደረግሽው?"

በአገጯ ወደ ትራሱ አመለከተች። አልጮኸባትም። ትራሱን አንስቶ፣ ዕቃ እንደሚመዝን ሰው በሁለት እጁ ይዞት ቆየ።

"ብትነግሪኝ እኮ ያቺን ነርስ እሰማት ነበር።"

"እንደ አባትህ አልጋ ትይዛለህ ብዬ ፈርቼ ነው።"

"ሳልሞት ከአባቴ ጋር ቀበርሽኝ" አለና ትራሱን መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ወዲያ ያለ ትራስ ተኛ።

ታናሽ እህቱ ቆላ ነው የምትኖረው። "እዚህ አየሩ ወፍራም ነው፤ ና፣ ሥጋህ ይመለሳል" እያለች ስትወተውተው ኖራለች። ክረምቱ ሲወጣ ሻንጣውን አዘጋጀ። ልብስ ሰፊዋም የራሷን ልብስ በነጠላ ስትቋጥር አያት።

"ተይው" አላት። "አንቺ አጠገቤ ካለሽ ልኬን አላውቅም።"

ከሄደ በኋላም ድምፁ ቤቱን አልለቀቀም። የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ስትሰፋ፣ ደረጃው ላይ ሸክም የሚያወርድ ሰው "እህ" ሲል ትሰማለች። እግሯን ከመርገጫው ታነሳና ታዳምጣለች። ወጥታ ታያለች፤ ሰው የለም።

ወደ ቆላ የሚመላለስ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አይቼዋለሁ ብሎ ነግሯታል። ክሬን እህቱ ቤት ነው ያለው። የእህል መጋዘን ጥበቃ ሆኖ ተቀጥሯል፤ ቀን ቀን በሩ ላይ ወንበር ይዞ ይቀመጣል እንጂ አልጋ አልያዘም።