አንደበቴን ያሰረው ኮከብ

ሕፃን ሳለሁ ትኩሳት አልለቅ ብሎኝ አባቴ ከገነተ ማርያም በላይ ኮከብ የሚቆጥሩ አንድ ደብተራ ዘንድ ሄደ። እሳቸውም በልጅና በእናት የክርስትና ስም አሰሉና «ትድናለች፤ ግን ሰው ፊት ስትቆም አንደበቷ ይታሰራል» አሉት። ዳንኩ። ንግግሩ ግን ቤታችን ውስጥ ተቀምጦ ቀረ። እንግዳ መጥቶ ስሜን ሲጠይቀኝ አባቴ «እሷን ተዋት፣ ኮከቧ ነው» ይላል፤ እኔም እህቴ ጀርባ እደበቃለሁ።

ታላቅ እህቴ ሌላ ፍጥረት ናት። ገበያ ስትወጣ ድምጿ ቀድሟት ይደርሳል። ሠርግ ላይ ግጥም አውጪ እሷ፣ ጎረቤት ሲጣላ አስታራቂ እሷ፤ ቄስም ቢሆኑ ሲናገሩ ከማቋረጥ አትመለስም። እኔ ደግሞ መምህሩ ሲያስነሱኝ ጉሮሮዬ ይደርቅና «ያው ኮከቤ ነው» ብዬ እቀመጣለሁ።

መንግሥት ተቀይሮ፣ መንገዱ ሰላም ሆኖ ቱሪስቱ ሲመለስ ላሊበላ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ምግብ አቅራቢ ሆንኩ። ቁርስ እያቀረብኩ ለፈረንጆቹ ስለ ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ አወራላቸዋለሁ። እንግሊዝኛዬ ይወላከፋል እንጂ አይቆምም፤ ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ ያዳምጡኛል። ይህን ግን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። የማስታውሰው አንደበቴ የታሰረበትን ቀን ብቻ ነበር፤ የተፈታበትን «ኮከቤ ተኝቶ ነው» እያልኩ አልፈዋለሁ።

የአስጎብኚነት ፈቃድ ፈተና ሲወጣ ተመዘገብኩ። የጽሑፉን አለፍኩ። የቀረው ቤተ ማርያም ግቢ ውስጥ ፈታኞች ፊት ቆሞ ማስረዳት ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ሥራ የተመኘሁት ነገር አልነበረም። ዋዜማው ላይ ግን እናቴ ባቄላ ስትፈለፍል አጠገቧ ተቀመጥኩና፣

«እማዬ፣ ነገ አልሄድም። ይሄ ኮከብ አይለቀኝም» አልኳት።

«የምን ኮከብ?» አለች ቀና ሳትል። «አባትሽ እኮ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በድንጋጤ የእህትሽን የክርስትና ስም ነው ነግሯቸው የመጣ። እሱ የቤት ስማችሁን እንጂ የክርስትናውን መች ለይቶ ያውቀዋል!»

«ታዲያ ለምን ዝም ተባለ?»

«ትኩሳትሽ ወርዶልኝ ምን ልናገር? ለእንግዳ ሲያወራውም ጨዋታ መስሎኝ። አንችም ጨዋ ሆነሽ ዝም ያልሽ እንጂ በኮከቡ መች መሰለኝ።»

መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ንድድ አለኝ፤ ባቄላው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ያን ሁሉ ዓመት በሰው ኮከብ! ባለኮከቧ እህቴ ደግሞ የነገራት ስለሌለ አፏን የያዘው ነገር አልነበረም። እናቴ ደንግጣ «በይ ማልደን እንሂድና በራስሽ ስም ይቆጠርልሽ» አለችኝ። እምቢ አልኩ። ሌላ ኮከብ መሸከም አልፈለግኩም።

በማግሥቱ ፈታኞቹ ፊት ስቆም ጉሮሮዬ እንደ ልማዱ ድርቅ አለ። ገረመኝም፣ ከፋኝም፤ ኮከቡ የእኔ አለመሆኑን ማወቄ ብቻውን የሚያድነኝ መስሎኝ ነበር። የማሳብብበት ነገር ፈለግኩና አጣሁ።

«ይጀምሩ እንጂ» አሉኝ አንደኛው።

«ይቅርታ፣ ፈርቼ ነው» አልኳቸው። እስከዚያን ቀን ፈራሁ ብዬ አላውቅም፤ ኮከቤ ነው እንጂ። እሳቸው ፈገግ አሉና «ሁሉም ይፈራል፤ ቀስ ብለው ይናገሩ» አሉኝ። እያንዳንዳቸው ፊት የሚቀዘቅዝ ሻይ እንዳለ አድርጌ አሰብኩና ከቤተ ክርስቲያኑ በር ጀመርኩ። ድምፄ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን መስኮቶቹ ጋ ደረስኩ። ጣሪያው ጋ ስደርስ መንቀጥቀጡን ረስቼው ነበር።

ፈቃዴን የተቀበልኩ ዕለት እህቴ እልል እያለች ሰፈሩን አዳረሰችው። ከዚያ ደጃፋችን ላይ ቆማ ለተሰበሰበው ሰው የእኔን ጉብዝና መተንተን ያዘች፤ ለእኔ የመናገሪያ ቀዳዳ አልሰጠችኝም። እናቴና እኔ ተያየን። ኮከቡ የእሷ መሆኑን እስከ ዛሬ አልነገርናትም።