የንግሥቲቱ ቅምሻ

ትርሲትን ሰው ትመርዛለች ብሎ የሚጠረጥር ቡታጅራ ውስጥ አልተፈጠረም ነበር። ጥያ አጠገብ ተወልዳ በሃያ ዓመቷ ተድራ ነው እዚህ የመጣችው። ባሏ ሲሞትባት ከመናኸሪያው ጀርባ ክትፎ ቤት ከፈተች፤ ሁለት ልጆቿን ያሳደገችውም በዚያችው ቤት ነው። አንድ ልማድ አላት። ክትፎውን በሸክላ ጣባ ይዛ ትመጣና እንግዳው ፊት ቆማ፣ በራሷ ማንኪያ ቆንጠር አድርጋ ትቀምሳለች። «ቀምሰሽ ካላቀረብሽ እንግዳው በሆዱ ያማሻል» ይሏት ነበር እናቷ።

እንግዲህ መምህር አስረስ መርዘኛ ያደረጋት ይህችን ሴት ነው። ከደብረ ማርቆስ የመጣ የኮሌጅ የአማርኛ መምህር ነው፤ ክትፎ ይወዳል፣ ቲያትር ግን ይብስበታል። ከአራት መቶ ዓመት በፊት ጣሊያን አገር የተጻፈ አሳዛኝ ተውኔት ሁለት ክረምት ሙሉ ሲተረጉም ከረመ። ንግሥቲቱ ባሏን ንጉሡን በጽዋ መርዝ ትገድለዋለች፤ ከዚያ ወዲያ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ በሕይወት የሚተርፍ የለም። ተውኔቱ አለቀ፣ ንግሥት የምትሆን ግን ጠፋች። የኮሌጅ ልጃገረዶቹ መርዙን ሲያቀርቡ ሳቃቸው ይመጣል። አንድ ቀን ትርሲት የሚረብሽ ሰካራም በዓይኗ ብቻ ከቤቷ ስታስወጣ አየና ለመናት።

«ሰው ምን ይለኛል?» አለች። ሦስት ሳምንት ተግደረደረች። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን ልቧ ሄዷል።

ተውኔቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ የከተማው አዳራሽ ጢም ብሏል። ንጉሡ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጠው ሙስተፋ ነበር። ሁለት ገቢር በሰላም አለፈ። በሦስተኛው ትርሲት ቀይ ካርካዴ የተሞላ ጽዋ ይዛ ወጣች፤ መርዙን ስትጨምርበት ሕዝቡ በዓይኑ አይቷል። ሙስተፋ ጽዋውን ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ፣ ከፊት ረድፍ ጋሽ ዱባለ ብድግ አሉ። የዕድሩ ዳኛ ናቸው፤ እሑድ እሑድ ምሳቸው ትርሲት ቤት ነው።

«ቅመሺ በላት እንጂ» አሉት ንጉሡን። «ምን ዓይነት ንጉሥ ነው ሳያስቀምስ የሚጠጣ? ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር።»

አዳራሹ ተቀበላቸው፤ «ትቅመስ! ትቅመስ!» መጋረጃ ጀርባ መምህር አስረስ ጭንቅላቱን ያዘ። ብትቀምስ ንግሥቲቱ መሞቷ ነው፣ ሁለት ገቢር ደግሞ ይቀራል። ባትቀምስ ንጉሡ ቂል ሆኖ መሳቂያ ሊሆን ነው።

ትርሲት ግን ይህን ሥራ ዕድሜዋን ሙሉ ሠርታዋለች። ከጽዋው መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች፣ ወደ ከንፈሯ አስጠጋች፣ ጉሮሮዋን ዋጥ አደረገች፣ ፈገግ አለች። ጽዋውን ለንጉሡ እየሰጠች መዳፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ሕዝቡ ነጩ ነጠላ ላይ ቀዩን አየ፤ ንጉሡ አላየም። ጠጣና ወደቀ። የሙስተፋ ሚስት ባሏ ቲያትር እየሠራ መሆኑን እያወቀች «ኢና ሊላሂ» ብላ ደረቷን መታች። እስከ መጨረሻው ገቢር ከወንበሩ የተነሣ ሰው አልነበረም፤ ሲያልቅ ጭብጨባው አላባራ አለ።

ትርሲት ቤቷ ገብታ ነጠላዋን ስታወልቅ ቀዩን ነጠብጣብ አየች፤ ያኔ ነው ነገሩ የገባት። ሰው የሚያምናት በቅምሻዋ ነው ብላ ታስብ ነበር። አሁን ሳትውጥ መቅመስ እንደምትችል ከተማው ሁሉ አየ።

በማግሥቱ እሑድ ሥጋውን ከትፋ፣ ቆጮውን ደርድራ ጠበቀች። ቅዳሴ አለቀ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን መቀመጫ ይጠፋ ነበር። ስድስት ሰዓት አለፈ፣ ሰባትም ሆነ፣ አንድ ሰው ዝር አላለም። ያለፉት ልጆች ብቻ ናቸው፤ «ንግሥቲቱ! ንግሥቲቱ!» ብለው ሮጡ። ትርሲት ፈራች። በገዛ እጄ ቤቴን ዘጋሁት አለች በሆዷ።

ሰባት ተኩል ላይ ጋሽ ዱባለ የዕድሩን ሰዎች አስከትለው ገቡ። ጣባውን ይዛ ቀረበችና ቀመሰች። ጋሽ ዱባለ ዓይን ዓይኗን አዩዋት።

«እንደ ትናንቱ ነው የቀመስሽው?»

«ኧረ በማርያም፣ ጋሽ ዱባለ…» አለች።

እሳቸው ክትፎውን በቆጮ ጠቀለሉና አጎረሷት። «ዋጪ» አሏት። ዋጠች። «እስቲ አፍሽን ክፈቺ።» ክሊኒክ እንደሄደ ሕፃን ከፈተች። «አንዱ ያጣላል» ብለው ደገሟት። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ ከየጠረጴዛው «በሞቴ፣ ከኔም» እያለ ያጎርሳት ጀመር። ጉንጯ ተወጥሮ፣ እንባዋና ሳቋ ተደባልቆ፣ ሆዷ ሊፈነዳ ደረሰ።

«ቆያችሁብኝ እኮ» አለች መናገር ስትችል። «ሰው የቀረብኝ መስሎኝ ነበር።»

«የዕድሩ ስብሰባ አላልቅ ብሎን ነው» አሉ ጋሽ ዱባለ። «ግማሹ ንግሥቲቱ እውነቷን ነው አለ፣ ግማሹ አይደለም አለ። ገና አልተስማማንም።»

በልተው ሲነሡ በሩ ላይ ቆም አሉ። «አንቺ ደግሞ፣ የቅምሻው ነገር ነው ያስፈራሽ?»

«አዎ፣ ጋሽዬ።»

«እኔ ይህን ሁሉ ዓመት አንቺ ቤት ስበላ፣ ስትቀምሺ አይቼ አላውቅም» አሏት። «የማየው ክትፎውን ነው።»